የነጥብ ኢቲ ዋጋና አዲሶቹ ቅጥያዎች

በኢንተርኔት ስም ንግድ አዲስ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው፣ አዳዲስ ቅጥያዎች እየበዙ ሲሄዱ በአገር መለያ ኮድ የተያዘ ስም ዋጋው አይወድቅም ወይ ብሎ ነው። ቅጥያ የሚባለው በድረ ገጽ አድራሻ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣው ክፍል ሲሆን፣ የአገር መለያ ኮድ ደግሞ ለእያንዳንዱ አገር የተሰጠ ባለ ሁለት ፊደል ቅጥያ ነው፤ የኢትዮጵያው ነጥብ ኢቲ ነው። ስም በብዛት ገዝተው የሚያከማቹ ሰዎች ለጥያቄው የሚሰጡት መልስ አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ ይረክሳል የሚል ነው። ይህ ለጤፍ ገበያ ይሠራ ይሆናል፤ ለስም ግን አይሠራም። ስም የሚፈለገው በሚያመለክተው ነገር ነው፤ ዋጋውንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው ቅጥያውን የሚያስተዳድረው አካልና የእድሳት ደንቡ ነው።

የአዲሶቹ ቅጥያዎች ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሩን ሲከፍት 1,930 ማመልከቻዎች ቀረቡለት፤ የአንዱ ማመልከቻ ክፍያም 185,000 ዶላር ነበር። ከእነዚህ መካከል ነጥብ አፍሪካን ለማስተዳደር ሁለት ወገኖች ተፎካከሩ፤ አንደኛው መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን የደገፈው የደቡብ አፍሪካ መዝጋቢ ድርጅት ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሠረቱት ዶትኮኔክትአፍሪካ ነው። በ2015 ገለልተኛ የግልግል ጉባኤ አይካን የራሱን መተዳደሪያ ደንብ ተላልፏል ሲል ለዶትኮኔክትአፍሪካ ፈረደ፤ ጉዳዩ ወደ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ዘልቆ ቅጥያው ለጊዜው ከታገደ በኋላ በ2017 መጀመሪያ ለደቡብ አፍሪካው ድርጅት ተሰጠ፣ በዚያው ዓመት በጁላይ ወርም ለማንኛውም ገዢ ክፍት ሆነ። እነዚያን አምስት ዓመታት ሙሉ በነጥብ አፍሪካ ላይ ተስፋ ጥሎ የቆየ ነጋዴ አንድም ስም ማስመዝገብ አልቻለም፤ ቅጥያ አስተዳዳሪ እስኪኖረው ድረስ ዋጋ የለውም።

አዲሶቹ ቅጥያዎች የቱንም ያህል ቢበዙ የማይደርሱበት ድንበር እንዳለ ብዙዎች ይዘነጉታል። በላቲን ፊደል ሁለት ሆሄ ብቻ ያለው ቅጥያ ለአገሮችና ለግዛቶች የተጠበቀ ስለሆነ፣ 185,000 ዶላር የከፈለ ኩባንያ ከሦስት ሆሄ በታች ማመልከት አልቻለም። ባለ ሁለት ሆሄው ወገን ስለዚህ በገንዘብ አይስፋፋም። ደቡብ አሜሪካዊቷ ኮሎምቢያ በ2010 ነጥብ ሲኦን ለዓለም ገዢ ከፍታዋለች፤ አንጉዊላ የተባለችው ትንሽ የካሪቢያን ደሴትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲስፋፋ በነጥብ ኤአይ በ2023 ብቻ ወደ 32 ሚሊዮን ዶላር አግኝታለች፤ ይህም ከመንግሥቷ ገቢ ከአምስት እጁ አንዱን ያልፋል። የአንጉዊላው ገቢ የመጣው መቶዎች አዳዲስ ቅጥያዎች ከተከፈቱ በኋላ መሆኑ የአቅርቦትን ክርክር ያፈርሰዋል። በእርግጥ የአገር ኮድም ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ የዩጎዝላቪያው ነጥብ ዋይዩ አገሩ ከፈረሰ በኋላ በ2010 ከዝርዝሩ ተሰርዟል።

ነጥብ ኢቲ ግን እንደ ኮሎምቢያውና እንደ አንጉዊላው ለባዕድ ገዢ የተዘጋጀ አይደለም፣ መመዘን ያለበትም በሌላ ሚዛን ነው። ኮዱ በዓለም አቀፉ መዝገብ የሰፈረው በ1995 ሲሆን፣ ይህም በአገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ይቀድማል፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ሦስት አድራሻዎችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በነጥብ ኢቲ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነጥብ ኮም፣ አዲስ ፎርቹን ጋዜጣ ደግሞ ከአዲሶቹ በአንዱ፣ በነጥብ ኒውስ ይገኛሉ። አየር መንገዱ የዓለምን መንገደኛ ስለሚያገለግል ነጥብ ኮም ይስማማዋል። ገንዘብ አስቀማጩ ግን አድራሻው የአገሩ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን አድራሻ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ኢቲን፣ ቀጥሎ ኢዲዩን፣ መጨረሻ ላይ ዲኤምዩን ያገኛል፤ አገር፣ ከዚያ የትምህርት ወገን፣ ከዚያ ተቋሙ። ኮምፒውተሩም አድራሻውን የሚፈልገው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

የአከማቾቹ ዘዴ የሚወድቀው በእድሳት ነው። ስም አይገዛም፣ ይከራያል፤ ኪራዩም በየጊዜው ይታደሳል። በአዲሶቹ ቅጥያዎች ውል መሠረት አስተዳዳሪው የእድሳት ዋጋ ለመጨመር የስድስት ወር ማስታወቂያ ማውጣት ብቻ ይበቃዋል፤ ጣሪያ የለውም። በ2017 ዩኒሬጂስትሪ የተባለ አስተዳዳሪ የአንዳንድ ቅጥያዎቹን ዋጋ ብዙ እጥፍ እንደሚያሳድግ ሲያስታውቅ፣ በርካሽ መቶ ስም የሰበሰበ ሰው መቶ ዕዳ ይዞ ሊገኝ እንደሚችል ታየ። የነጥብ ኢቲ ችግር ከዚህ ይለያል፤ ስም ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ሰፊና ግልጽ ገበያ ባለመኖሩ፣ ለትርፍ ተብሎ የተያዘ ስም ቶሎ ገንዘብ አይሆንም። ስለዚህ በነጥብ ኢቲ ላይ የሚያዋጣው ስሙን ይዞ መጠበቅ ሳይሆን መሥራት ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለችው በሮብ ገበያ ድንችና ገብስ የሚነግድ ሰው በነጥብ ኢቲ አንድ ስም ቢይዝና ዋጋና ስልኩን ቢያሰፍርበት፣ ያ ስም በአምስት ዓመት ውስጥ ከሃያ ባዶ ስሞች ይበልጣል።

በዚህ ሙያ ብዙ የቆየ ሰው ስሌቱ ከገንዘብ እየራቀ ወደ ፊደል ይመጣበታል። አይካን በ2017 የግዕዝ ፊደል በቅጥያነት የሚገባበትን ደንብ ተቀብሏል፤ ለአገሮች የሚሰጠው በራስ ፊደል የተጻፈ ኮድ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ ማመልከቻ ይጠብቃል፣ ግብፅና ሩሲያም በ2010 ተጠቅመውበታል። ነጥብ ኢትዮጵያ በራሷ ፊደል ስትመጣ የስም ባለቤትነት አዲስ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ «ፀሐይ» የሚለው ስም በሁለቱ ጸና ፀ፣ በሦስቱ ሀ፣ ሐና ኀ ብቻ ስድስት ዓይነት ይጻፋል። አንዱን የያዘ ሰው ሌሎቹን አምስቱን ካልያዘ ወይም ደንቡ ካልዘጋለት፣ ደንበኛው ወደ ሌላ ሰው በር ይሄድበታል። ይህን ደንብ የሚያወጣው የኢትዮጵያው አስተዳዳሪ ነው፤ ባለሙያዎች ጉልበታቸውን ማዋል ያለባቸውም ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ሞክሼ ፊደላቱ በአንድ ባለቤት ስር እንዲታሰሩ በመጠየቅ ላይ ነው።