ጠያቂው ማን ነው? ማንነት፣ መታወቂያና ሰላም ከኮተቤ ሲታዩ

ከመገናኛ የሚነሣው ሚኒባስ ረዳት «ኮተቤ፣ ካራ፣ ለገጣፎ!» ብሎ ሲጣራ ሁለት አስተዳደሮችን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። ካራን አለፍ ሲሉ አዲስ አበባ ያበቃል፤ ለገጣፎ የኦሮሚያ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ገብቷል። ተሳፋሪው ወሰኑን ከመንገዱ አያውቀውም። መንገዱ ያው ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ነው፣ ሱቁም ያው ሱቅ ነው። ወሰኑን የሚያውቀው ቦታ ሲገዛ፣ ልጅ ሲያስመዘግብ ወይም መታወቂያ ሲያወጣ ነው። ስለ ብሔር ግጭት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ማንነት ምንድን ነው?» ከሚለው ይጀምራል። እኔ ግን የኮተቤን መንገድ ስመላለስበት የሚነሣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ማን ነህ?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ማን ነው? መልሱስ ምን ያስገኛል፣ ምን ያሳጣል?

ለመጀመሪያ ጊዜ መታወቂያ ያወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። ጉርድ ፎቶግራፌን ይዤ ከአንድ ቀበሌ መስኮት ፊት ቆምሁ። ጸሐፊዋ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ዘመን፣ የቤት ቁጥር እየጠየቀች ስትሞላ ቆይታ፣ እስክሪብቶዋን ሳታነሣ «ብሔር?» አለች። እናቴ ከሰንዳፋ ወዲያ ካለ የገበሬ ቤት የመጣች ኦሮሞ ናት፤ አባቴ ጉራጌ ነው። ዝም ስል ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና «የአባትህን ልጻፈው?» አለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ጻፈችው። ክፋት አልነበረባትም። መስመሯ ለአንድ ቃል ብቻ የምትበቃ ነበረች፤ ከኋላዬም ሰልፉ ረዝሟል።

የዚያች መስመር ስም የራሱ ታሪክ አለው። «ብሔር» በግእዝ አገር፣ ምድር፣ ስፍራ ማለት ነው። «እግዚአብሔር» የዓለም ጌታ የተባለው በዚሁ ፍቺ ነው፤ ብሔረ ብፁዓን የብፁዓን አገር ነው፤ በከተማችን ያለው ብሔረ ጽጌም የአበባ አገር ነው። ቃሉ ሰው የሚኖርበትን እንጂ ሰው የተወለደበትን ደም አይጠራም ነበር። ከአብዮቱ ዋዜማ ጀምሮ የግራ ፖለቲካው መዝገበ ቃላት ሲተረጎም ከቦታ ወደ ዘር ተሻገረ። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ሁለቱን መልሶ አሰራቸው፦ የጋራ ባሕል ወይም ተመሳሳይ ልምድ፣ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ሕልውና እምነት፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በመጨረሻም በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር። ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ከጻፈው ፍቺ ጋር ያለው ዝምድና ለተማሪ ሁሉ ግልጽ ነው። ይህ ፍቺ ኮተቤ ላይ ሲያርፍ የሚሰናከለው በመጨረሻው ሐረግ ነው። እዚህ ሰው በአንድ ግቢ አራት ቋንቋ እየተናገረ ይኖራል፤ የተያያዘው መልክዓ ምድር የግቢው አጥር ብቻ ነው።

አንድ አጋጣሚ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. 1969 መሆኑ ነው። በዚያው የፈረንጅ ዓመት የኖርዌዩ ሥነ ሰብእ ምሁር ፍሬድሪክ ባርት «የብሔር ቡድኖችና ወሰኖች» የተሰኘውን የጥናት ስብስብ አሳተመ። ከምዕራፎቹ አንዱ፣ የካርል ኤሪክ ክኑትሰን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ስላለው ግንኙነት የሚያትት ነው። ዋለልኝ በኢትዮጵያዊነት ስም የአንዱ ባሕልና ቋንቋ በሌላው ላይ እንደ ጭምብል መጫኑን አጋለጠ። ባርት ደግሞ ቡድንን ቡድን የሚያደርገው በውስጡ ያለው ባሕል ሳይሆን ከሌላው ጋር የሚያሰምረው ወሰን ነው አለ። እኛ ዋለልኝን ወርሰን ባርትን ሳናነብ ቀረን። በደልን መናገር ተማርን፤ ወሰን እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራውና መቼ እንደሚጠነክር መመርመር ግን ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

የየካ ጋራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከጫካው ውስጥ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ትውፊቱ ለአብርሃና አጽብሐ ይሰጠዋል፣ አጥኚዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። የጋራው መጠሪያ «የካ» ደግሞ፣ እንደ ጉለሌ ሁሉ፣ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። አንዱ ዋሻውን አሳይቶ «ከእናንተ በፊት ነበርን» ይላል፤ ሌላው ስሙን ጠርቶ «መሬቱ በእኛ ስም ይጠራል» ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እነዚህ እውነቶች ለዘመናት አንድ ጋራ ላይ አብረው ኖረዋል፤ ጠብ የሆኑት መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ነው። ገበሬው በትንሽ ካሣ ሲነሣ፣ በቦታው ቪላና ኮንዶሚኒየም ሲቆም፣ የጋራው ስም የይገባኛል ሰነድ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. የተነሣው፣ በ2008ም የቀጠለው የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መነሻው ይህ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ ቤቶች ሲፈርሱም ከፍርስራሹ አጠገብ የተነሣው ክርክር ስለ ግንባታ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። አፍራሹም ፈራሹም በብሔር ስም ተጠራ።

እዚህ ላይ የብሔር መስመሯ ከመታወቂያው ትውጣ ለሚለው ለራሴ ሐሳብ የሚቀርብ ከባድ ተቃውሞ አለ። ይህን ማለት የሚቀለው ቋንቋው የሁሉም መግባቢያ ለሆነለት ሰው ነው። እናቴ በልጅነቷ ትምህርት ቤት በስሟ አልተጠራችም፤ መምህሩ የሚመቸውን ስም አወጣላት። እንዲህ ላለ ሰው «ብሔር?» ተብሎ መጠየቅ ራሱ እውቅና ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ባንዲራና መዝሙር ያስነሣውን ሁከት በዚህ ዐይን ካላየነው አንረዳውም። ለአንዱ ወላጅ በአፋን ኦሮሞ መማር የዘገየ ፍትሕ ነው፤ ለሌላው የክልል ባንዲራ በከተማው ግቢ መሰቀሉ ቤቱን የመነጠቅ ምልክት ነው። ቋንቋውና ባንዲራው ተለይተው መነጋገሪያ ሊሆኑ ሲገባ አንድ ላይ ታሰሩና ልጆች ድንጋይ ተወራወሩበት። ለነዚህ ትምህርት ቤቶች መምህር የሚያሠለጥነው እዚሁ ሰፈር ያለው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጉዳዩ ከግቢው አጥር ውጭ ያለ አይደለም።

እውቅናን መንግሥት በቆጠራና በድምፅ ሲያድል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥቶ ራሱን የቻለ ማንነት አስከበረ፤ ነገሩም በሰላም ተፈጸመ። የቅማንት ሕዝብ የራስ አስተዳደር ጉዳይ በመስከረም 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ለድምፅ ቀርቦ ሰባቱ በነበሩበት አስተዳደር መቆየትን መረጡ፤ ብዙም ሳይቆይ በጎንደር አካባቢዎች ደም ፈሰሰ። ልዩነቱ በሕዝቦቹ ጠባይ ላይ አይደለም። በሁለተኛው ዘንድ የማንነት መልስ ከቀበሌ ወሰን፣ ከመሬትና ከታጠቀ ኃይል ጋር ተጣብቆ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 47 ከመቶ አማራ፣ 19.5 ከመቶ ኦሮሞ፣ 16.3 ከመቶ ጉራጌ ተብላ ተመዝግባለች። እኔን የመሰለው ከየትኛው ክፍልፋይ እንደገባ ከቁጥሩ አይታይም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም፤ መራዘሙም ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚፈራ ይናገራል።

አሁን ፋይዳ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ዲጂታል መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም። መልካም ነው፤ ግን ብዙ አንጠብቅበት። በሩዋንዳ ቤልጂየሞች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስገቡት የዘር መታወቂያ እ.ኤ.አ. በ1994 በየኬላው የሞት ፍርድ ሆነ፤ ከእልቂቱ በኋላ ተሰረዘ። ኬላ የሚያቆም ሰው ካለ ግን ካርድ ባይኖርም አይቸገርም፤ ስምና የአነጋገር ዘዬ ይበቁታል። ስለዚህ ሥራው ከካርዱ በላይ ነው።

የሰላም ግንባታ ተብሎ የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ የባሕል ልብስ ለብሶ አዳራሽ መጨፈር ነው። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራኑ ጀምስ ፊረንና ዴቪድ ሌይትን እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት በብሔሮች መካከል ሊነሣ ይችል የነበረው ግጭት አብዛኛው አይነሣም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እያንዳንዱ ወገን የራሱን አጥፊ ራሱ መቅጣቱ ነው። ሽማግሌዎቻችን ይህን ያውቃሉ። የሰፈሬ እድር መዝገብም ብሔር አይጠይቅም፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ወርኃዊ መዋጮ። ጡሩምባ ነፊው ሌሊት ሲዞር የሟቹን ቤት እንጂ የሟቹን ብሔር አይናገርም። እድርን የሠሩት መላእክት አይደሉም፤ ተከራይ መግቢያውን መክፈል ስለማይችል ደጅ ይቀራል፤ በትውልድ አገር የተቋቋሙም አሉ። ሰፈር ሲፈርስና ነዋሪው በዕጣ ወደ የካ አባዶና ወደ ሌላ ሳይት ሲበተን ድንኳኑ ሳይቀር ይሸጣል። በመልሶ ማልማት ዕቅድ ላይ እድርን እንደ ንብረት የቆጠረ ሰነድ አላየሁም።

በመንግሥት በኩል ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የዕርቀ ሰላም ኮሚሽንና የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን በተከታታይ አዋጆች ተቋቁመው ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም የሉም። በአዋጅ 1265/2014 የመጣው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አጀንዳ ሰብስቧል። ኮሚሽኑን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ማንነት ትልልቅ ቃላት ከመደርደሩ በፊት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ከመሳቢያ ያውጣ። ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ያለው ልዩ ጥቅም ይጠበቃል፣ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። ዝርዝሩ እስካልተጻፈ ድረስ የካራ ገበሬ ሁሉንም እንደተነጠቀ፣ የኮተቤ ነዋሪ ሁሉንም እንደሚነጠቅ አድርጎ ያነበዋል። ረቂቁ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ለምክር ቤት ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ ያ ሕግ ግን እስካሁን አልወጣም።