አጃቢው ማን ነው?

ዳማን በቆርኪ የተጫወተ ሰው ጨዋታ ለመጀመር ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃ ያውቃል። ካርቶን ይቀደዳል፤ በእስክሪፕቶ ይሠመራል። የአንዱ ቆርኪ ይደፋል፣ የሌላው ይገለበጣል። በቃ! ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሁለት ተጫዋች፣ አምስት ስድስት ጣልቃ ገብ ተመልካችና አንድ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ ያለው በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው። «መብላት ግዴታ ነው!» «ኧረ በኛ ሰፈር ግዴታ አይደለም!» የሚል ጭቅጭቅ ከተነሣ ከተመልካቹ መሀል አንድ አንጋፋ ይጠየቃል። ይፈርዳል። የተፈረደበትም እያጉረመረመ ይቀጥላል።

ይህን ያነሣሁት የልጅነት ትዝታ ላወራችሁ አይደለም። ጊዜ ያመጣውን አንድ ነገር ለመተቸት መነሻ እንዲሆነኝ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት የገበታ ጨዋታዎች መካከል ስልክ ወይም ታብሌት አጠገባቸው ካልተቀመጠ ጨርሶ የማይንቀሳቀሱ አሉ። ሳጥኑን በውድ ዋጋ ትገዛላችሁ። ገበታው አለ፣ ዳይሱ አለ፣ ካርዱ አለ፣ ባላባትና ጭራቅ የሚመስሉ ትንንሽ አሻንጉሊቶች አሉ። የሌለው ሕጉ ነው። ቢያንስ ጨዋታውን የሚያስኬደው ዋናው ሕግ ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ ያለው አፕ ውስጥ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሳጥን ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ ዘመድ ቤት ደርሶ አይቻለሁ። ከውጭ የመጣ ሰው ለልጆች ብሎ ያመጣው ነው። ልጆቹ ከፈቱት፤ መመሪያው ገና ከመጀመሪያው «አፑን አውርዱ» ይላል። የቤቱ ታብሌት ደግሞ ያረጀ ነው። «ይህ አፕ ለዚህ መሣሪያ አይሆንም» ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ልጆች መቼም መላ አያጡም፤ ጭራቆቹን አሰልፈው እርስ በርስ አዋጓቸው፤ በካርዶቹም ዕቃ ዕቃ ተጫወቱባቸው። አንዲት አክስቴ ግን ሳጥኑን አገላብጠው አዩና «እና ይሄ ሁሉ ካርቶን የስልኩ አጃቢ ነው በሉኛ!» አሉ።

አምራቾቹ እኮ «አጃቢ» የሚሉት አፑን ነው። አክስቴ ማን ማንን እንደሚያጅብ ባንድ ዓይን አዩት።

ነገሩን በስልክ ጥላቻ የተነሣ አስመስዬ ማቅረብ አልፈልግም። አጃቢነቱን የሚያውቅ አፕ አለ። «ዋን ናይት አልቲሜት ዌርዎልፍ» የሚባል እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በድብቅ የተሰጣቸውን ሚና ተራ በተራ እየተጠሩ የሚፈጽሙበት ነው። ጠሪው ከተጫዋቾቹ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ካልፈለጉ ደግሞ አፑ ይጠራላቸዋል። ስልክ ኖረም አልኖረም ጨዋታው አለ። ማንም በዚህ ቅር ሊለው አይገባም። ጥያቄዬ «አፕ ይኑር ወይስ አይኑር?» አይደለም። «አፕ ከሌለ ጨዋታ የለም ማለት ተገቢ ነው ወይ?» ነው።

ለዚህ የሚሆን አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። «ማንሽንስ ኦፍ ማድነስ» የተባለው የአሜሪካው ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ ጨዋታ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አስፈሪ ቤት ውስጥ ገብተው ምሥጢር የሚመረምሩ ሰዎች ታሪክ ነው። በዚያ የመጀመሪያ እትም ከጓደኛሞቹ አንዱ የክፉውን ወገን ይይዛል። ቤቱን የሚያዘጋጀው እሱ፣ ጭራቁን የሚያንቀሳቅሰው እሱ፣ የቀሩትን የሚያስጨንቀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለተኛው እትም ሲወጣ የዚያ ሰው ወንበር ተነሣ። ቦታውን አፕ ያዘው። ጭራቁ ከየት እንደሚመጣ፣ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ፣ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው አፑ ብቻ ሆነ። ኩባንያው በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 የቶልኪንን ዓለም፣ በ2021 ደግሞ «ዲሴንት» የተባለውን የጀብዱ ጨዋታ አወጣ፤ ሁለቱም ያለ አፕ አይሠሩም።

እውነቱን ለመናገር ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። የድሮው እትም ዝግጅቱ ረጅም ነበር። የክፉውን ወገን የያዘው ሰው ካርዶቹን ሲደረድር አንዷን ካሳሳተ ታሪኩ መሀል ላይ ይበላሻል፤ ያውም ከሁለት ሰዓት በኋላ! ደግሞ ሁሌ «አንተ ክፉው ሁን» የሚባለው ሰውዬስ? ሌሎቹ አብረው ሲመክሩ እሱ ብቻውን ነው። አፑ ይህን ሁሉ አቃለለ። የቤቱን ካርታ ጥቂት በጥቂት እያሳየ ሁሉንም በአንድ ወገን አሰለፈ። ብቻውን መጫወት ለሚፈልግም መንገድ ከፈተለት። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ግን የተነሣው ወንበር የማን ነበር? የጓደኛ ነበር። ጓደኛ ክፉ ሲሆን ፊቱ ይታያል። ውሸቱ ሲያመልጠው ፈገግ ይላል፤ ትንሿ ልጅ ልታለቅስ ስትል ጭራቁን ሌላ ክፍል ውስጥ ያቆይላታል፤ የሚያበሳጨውን ሰው ደግሞ ሆን ብሎ ያሳድደዋል። አፑ ይህን አያውቅም። አገራችን «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል። ስልክ ፊት ምን ይናገሩታል? ሕጉ ቢከብድ አይለመንም፣ ቢሳሳት አይከሰስም፣ «በኛ ሰፈር እንዲህ ነው» ቢባል አይሰማም። እንዴ! ጭቅጭቁስ የጨዋታው ግማሽ አልነበረም እንዴ? ልጅ ሆነን መደራደርን፣ መሸነፍን፣ ፍርድ መቀበልንና ፍርድ መስጠትን የተማርነው ከየት ሆነና? ሕጉን በእጃችን ይዘን ስለምንጫወት ነው። ሕጉን ሌላ አካል ይዞልን እኛ የታዘዝነውን ቁራጭ ብቻ የምናንቀሳቅስ ከሆነ ተጫዋችነታችን ቀርቶ ተላላኪነት ሊመጣ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የዕድሜ ነው። ገበታና ጠጠር ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል፤ መሣሪያ ግን ያረጃል። ይህ ግምት አይደለም፤ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ «ናይትሜር» የሚባል በቪዲዮ ካሴት የሚታገዝ የገበታ ጨዋታ ወጥቶ ነበር። ካሴቱ ቴሌቪዥን ላይ ይከፈታል፤ በር ጠባቂ የተባለ አስፈሪ ሰውዬ እየብቅ አለ ተጫዋቾቹን ያዝዛል፣ ይዘልፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የካሴት ማጫወቻ ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ምርቱን አቆመ። ያም ሆኖ ካሴት ይገለበጣል፤ ባለቤቱ ወደ ሌላ ነገር ቀድቶ ሊያተርፈው ይችላል። አፕን ግን ተራው ገዢ ምን ብሎ ይቀዳዋል? አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ ባለ 32 ቢት የሚባሉት የቆዩ አፖች ሁሉ በአዲሱ ሥርዓት መሥራት አቆሙ። ሠሪው ያደሰው አፕ ተረፈ፤ ያላደሰው ቀረ። ገዢውን «ምን ይመስልሃል?» ያለው የለም። እንግዲህ ገበታው መደርደሪያ ላይ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጦ ጨዋታው ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ገዛሁት» የሚለው ቃል ይበዛበታል፤ «ተከራየሁት» ቢባል ይቀርበዋል።

ስለ ኢንተርኔትም አንድ ነገር ልበል። ከእነዚህ አፖች ብዙዎቹ አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ ይህን ማመን ይገባል። ማውረዱና ማደሱ ግን ኔትወርክ ይፈልጋል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አገሪቱ ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ በየቤቱ ተቀምጠን የነበርን ሰዎች ካርታና ዳማ ፈቃድ እንደማይጠይቁ አይተናል። ሰው ስልኩ አልሠራ ሲለው ነው ወደ ገበታ የሚዞረው። እዚያም ስልክ ከጠበቀው ወዴት ይሂድ?

ታዲያ አፕ የግድ የሚያስፈልግበት ጨዋታ የለም ወይ? የሚሻልበት አለ። ሁለት ምሳሌ ልጥቀስና ልብ ብላችሁ እዩልኝ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2014 ከቼክ የወጣው «አልኬሚስትስ» ነው። ተጫዋቾቹ ቅጠላ ቅጠል እየቀላቀሉ መድኃኒት ይሞክራሉ፤ የየትኛው ቅልቅል ውጤት ምን እንደሆነ ከተጫዋቾቹ ማንም ማወቅ የለበትም። ምሥጢር መጠበቅ ለማሽን የሚመች ሥራ ነውና አፑ ይጠብቃል። ግን መመሪያው በር አልዘጋም፤ ስልክ ከሌላችሁ አንድ ሰው ምሥጢሩን ይያዝና ይመልስላችሁ ይላል። ሁለተኛው የእንቆቅልሽ ሳጥኖች ነገር ነው። ከተቆለፈ ክፍል የማምለጥ ጨዋታ በካርድ መልክ ሲመጣ «አንሎክ» የተባለው የፈረንሳይ ሥራ ቁልፉንና ሰዓቱን ለአፕ ሰጠ። በተመሳሳይ ዘመን የጀርመኑ «ኤግዚት» ያንኑ የቁልፍ ሥራ በሚሽከረከር የወረቀት ዲስክ ሠራው። «ኤግዚት» እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመንን የዓመቱ የባለሙያ ተጫዋቾች ሽልማት ወሰደ። እርግጥ «ኤግዚት»ም ጣጣ አለበት፤ ካርዱ ስለሚቀደድና ስለሚታጠፍ አንዴ ብቻ ነው የሚጫወቱት። ነገር ግን «ያለ አፕ አይቻልም» የሚለውን ሰበብ ወረቀት ሊያፈርሰው እንደሚችል አሳይቷል።

የራሳችንን እንይ። አባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከዓለሙ ቼዝ የሚለይበት ነገር ነበረው። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል የለም፤ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገን እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። ዛሬ ያንን የሚጫወት ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሆኖም የውጭ ተጓዦች ያዩትን ጽፈውታል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ሰንጠረዥም ስለ ገበጣም ጥናት አሳትመዋል። ስለዚህ ነገ አንድ ጎረምሳ ቢነሣሣ እንጨት ጠርቦ፣ ሕጉን አንብቦ ወረራውን ሊያስነሣው ይችላል። ጨዋታው ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ ሕጉ ሰው ሊያነበው በሚችል መንገድ ተጽፏልና። አፕ ውስጥ የተቆለፈው ጨዋታስ? ከመቶ ዓመት በኋላ ያ ሳጥን ከቆጥ ላይ ቢወርድ አግኚው ምን ያደርገዋል? ልጆቹ እንዳደረጉት ጭራቆቹን ከማሰለፍ ሌላ ምርጫ የለውም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አፕ የሚያስገድድ ጨዋታ የሚሸጥ ድርጅት ይህንኑ በሳጥኑ ፊት፣ በጉልህ፣ ከዋጋው አጠገብ ይጻፍ። የቻለ እንደ «አልኬሚስትስ» ሰው አፑን የሚተካበትን መንገድ መመሪያው ውስጥ ያስገባ። ያልቻለ ደግሞ አፑን ማደስ ያቆመ ዕለት ሕጉንና ታሪኩን በጽሑፍ ለገዢው ያስረክብ። የእሱ ሥራ ሲያበቃ የኛ ጨዋታ ማብቃት የለበትም።

ሚዜ ሲደምቅ ሠርጉ ይደምቃል፤ ማንም አይጠላም። ሚዜው ስለዘገየ ሠርግ ሲሰረዝ ግን አይተን አናውቅም። ገበያ ወጥታችሁ ለልጅ ሳጥን ስታነሡ አክስቴን አስታውሱና ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ፤ አጃቢው ማን እንደሆነ ሳታጣሩ ገንዘባችሁን አትክፈሉ። ቸር እንሰንብት።