የቀለም ዕውቀትና የኑሮ ማስተዋል
«የመንገድ ሒሳብና የትምህርት ቤት ሒሳብ» በተባለው መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ፊደል የቆጠረ ሰው በኑሮ ጉዳይ ሲሳሳት «ትምህርቱ ምን ጠቀመው?» ይባላል። ያልተማረ ነጋዴ ሒሳቡን በቃሉ ፈጥኖ ሲያወጣ ደግሞ «ቢማር ኖሮ የት በደረሰ!» ተብሎ ይደነቃል። ሁለቱም አባባሎች የቀለም ዕውቀትንና የኑሮ ማስተዋልን ለየብቻ የተሰጡ ሁለት ስጦታዎች አድርገው ይመለከታሉ። ይህ አመለካከት በመንደር ወግ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በመማሪያ ክፍልም ይሠራበታል። በጽሑፍ ፈተና የወደቀው ተማሪ «ጭንቅላቱ ለትምህርት አይሆንም» ይባልና ክፍል እንዲደግም ይደረጋል፤ ወይም ተስፋ ቆርጦ ትምህርቱን ይተዋል። ስለዚህ አለ የሚባለው ልዩነት በእርግጥ የአእምሮ ልዩነት ነው ወይስ ዕውቀቱ የሚቀርብበት መንገድ ያመጣው ነው የሚለው ጥያቄ ለመምህሩም ሆነ ለትምህርት ዕቅድ አውጪው ተራ ጥያቄ አይደለም።

በዚህ ጥያቄ ላይ ከተጻፉት ሥራዎች መካከል ቴሬዚኛ ኑኔስ፣ አናሉሲያ ሽሊማንና ዴቪድ ካራኸር ያዘጋጁትና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተመው «የመንገድ ሒሳብና የትምህርት ቤት ሒሳብ» ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። መጽሐፉ ደራስያኑ በብራዚል፣ በተለይም በሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በሬሲፌ ከተማና በአካባቢዋ ያካሄዷቸውን ጥናቶች አሰባስቦ የያዘ ነው።

የጥናቱ ይዘት

የመጽሐፉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ፣ በመንገድና በገበያ ኮኮናትና ሌላም ሸቀጥ የሚሸጡ 5 ልጆች ተመርምረዋል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ገዥ ቀርበው ዋጋና የገንዘብ መልስ ጠየቁ። ልጆቹም ከቀረቡላቸው 63 ጥያቄዎች 98.2 በመቶ የሚሆኑትን በትክክል መለሱ። ቆየት ብሎ በእነዚያው ቁጥሮች የተዘጋጀ ፈተና በወረቀትና በእርሳስ ተሰጣቸው። በዚህ ጊዜ በቃላት ታሪክ ተገልጸው ከቀረቡት ጥያቄዎች 73.7 በመቶ ሲመልሱ፣ ያለ ታሪክ በባዶ ቁጥር ከቀረቡት ግን 36.8 በመቶ ብቻ መለሱ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የአንድ የ12 ዓመት ልጅ አሠራር ነው። የአንድ ኮኮናት ዋጋ 35 ክሩዜሮ ሆኖ የ4ቱን ሲጠየቅ፣ የ3ቱ ዋጋ 105 መሆኑን ያውቅ ስለነበር በዚያ ላይ 30 ጨምሮ 135 አደረሰ፤ ቀሪውን 5 አክሎም 140 አለ። ያው ልጅ 35 ሲባዛ በ4 የሚለውን በወረቀት ሲሠራ ግን፣ 4 ጊዜ 5 20 ብሎ 0 ጻፈና 2 በእጅ ያዘ። በእጅ የያዘውን 2 ከማባዛቱ በፊት ከ3 ጋር ደምሮ 5 አደረገ፤ 5ን በ4 አባዝቶም መልሱን 200 ብሎ ጻፈ። ይህ ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም። ልጁ የሕጉን ቅርጽ ይዟል፤ የሕጉን ምክንያት ግን አልያዘም። በገበያ ቁጥሩ ዕቃና ገንዘብ ስለሆነ 200 የሚል መልስ ገዥውን ያስቆጣል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይጋለጣል። በወረቀት ላይ ግን የሚከራከር ገዥ የለም።

ደራስያኑ ጥናታቸውን በልጆች ብቻ አልወሰኑም። የግንባታ ፎርማኖች የቤት ንድፍ ልኬትን፣ ዓሣ አጥማጆችም የዓሣን ክብደትና ዋጋ እንዴት እንደሚያሰሉ መርምረዋል። በሥራ የተማሩ ሰዎች የለመዱትን ስሌት በግልባጩ መሥራትና ባልለመዱት ጥያቄ ላይም ማዋል መቻላቸው ታይቷል። ይህም የኑሮ ማስተዋል ከልማድ ያለፈ፣ የራሱ ሥርዓት ያለው አስተሳሰብ መሆኑን ያረጋግጣል። የመጽሐፉ ትልቁ አስተዋጽኦም ይኸው ነው።

በመጽሐፉ ላይ የሚሰነዘር ሒስ

ደራስያኑ እ.ኤ.አ. በ1988 በፖርቱጋል ቋንቋ ያሳተሙት ሌላው መጽሐፍ «በኑሮ ዐሥር፣ በትምህርት ቤት ዜሮ» የሚል ርእስ አለው። የብራዚል ትምህርት ቤቶች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስለሚሰጡ ርእሱ ለአገሩ አንባቢ ወዲያው ይገባል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው አባባል ከጥናቱ ውጤት ይልቅ ስለሚገን፣ ብዙ አንባብያን ሥራውን ገበያ ትምህርት ቤትን የረታበት ውድድር አድርገው እንዲያነቡት አድርጓል። የ1993ቱም መጽሐፍ ርእስ ሁለቱን ሒሳቦች ፊት ለፊት ስለሚያቆማቸው ከዚህ ንባብ ሙሉ በሙሉ አያድንም።

ቁጥሮቹ በጥሞና ሲታዩ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ከሦስቱ ውጤቶች ዋነኛው መካከለኛው ነው። ወረቀቱና ፈታኙ ሳይለወጡ፣ ጥያቄው ትርጉም ባለው ታሪክ በመቅረቡ ብቻ ውጤቱ ከ36.8 ወደ 73.7 በመቶ፣ ማለትም ወደ እጥፍ ከፍ ብሏል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1987 በ16 የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። ተማሪዎቹ በቃል ሲያሰሉ በጽሑፍ ከሚያሰሉት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። እንግዲህ ግንቡ የቆመው በገበያና በትምህርት ቤት መካከል አይደለም፤ ትርጉሙን በያዘ ቁጥርና ትርጉሙን ባጣ ቁጥር መካከል ነው። ትርጉም ደግሞ በክፍል ውስጥም ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጉድለት የማስረጃው ስፋት ነው። አምስት ልጆች ጥያቄን ለማንሣት ይበቃሉ እንጂ ስለ ሕፃናት በጠቅላላው ለመፍረድ አይበቁም። የተመረመሩትም በንግዱ ጸንተው የቆዩት ናቸው፤ ሒሳብ ተሳስቶ ከንግዱ የወጣ ልጅ ቢኖር በጥናቱ አይገኝም። በዚያ ጥናት ገበያን የማያውቁ ተማሪዎች በገበያ ጥያቄ አልተፈተኑም። ይህን ክፍተት አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎ፣ ኤልዛቤት ስፔልኪና የሥራ ጓዶቻቸው በሕንድ አገር፣ በኮልካታና በደልሂ፣ ከ1,400 በላይ በገበያ የሚሠሩ ልጆችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2025 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ሞልተውታል። የገበያ ልጆች የትምህርት ቤቱ ጥያቄ ከበዳቸው፤ የመሸጥ ልምድ የሌላቸው ተማሪዎች ደግሞ የትምህርት ቤቱን ጥያቄ በተሻለ ሁኔታ ቢሠሩም የገበያው ጥያቄ ከበዳቸው። ድልድዩ ከሁለቱም ወገን ተሰብሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመንገድ ሒሳብ ድንበር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ልጅ የ10 ኮኮናት ዋጋ ሲጠየቅ በሦስት በሦስት እየደመረ 105፣ 210፣ 315 ካለ በኋላ የአንዱን ዋጋ አክሎ 350 ላይ ደርሷል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን በ10 ለማባዛት ዜሮ መጨመር እንደሚበቃ የሚያውቅ ልጅ ይህን ሁሉ ድካም ይድናል። ብዛቱ 10 መሆኑ ቀርቶ 478 ቢሆን የልጁ መንገድ እጅግ ይረዝማል። የጽሑፍ ስሌት የተፈጠረው ለዚህ ነውና ደራስያኑ የቃል ስሌትን ክብር ሲመልሱ ለጽሑፉም ኃይል ተገቢውን ቦታ ቢሰጡ መልካም ነበር።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በኢትዮጵያም ጧት ተምሮ ከሰዓት በኋላ ጉልት የሚቀመጥ፣ ሊስትሮ የሚሠራ፣ ወይም ሱቅ በደረቴ የሚያዞር ተማሪ ለመምህሩ እንግዳ አይደለም። አንድ መደብ ቲማቲም 35 ብር ቢሆን የ4 መደብ ዋጋ ስንት ነው ተብሎ በቃል ቢጠየቅ፣ «ሁለቱ 70፣ ሌላው ሁለት 70፣ 140» ማለቱ አይቀርም። መምህሩ ይህን አሠራር በሰሌዳው ላይ ጽፎ፣ ቀጥሎም 4 ጊዜ 30 120፣ 4 ጊዜ 5 20፣ ድምሩ 140 መሆኑን ቢያሳይ፣ ቁጥርን ከፋፍሎ የማባዛት ሕግ ተማሪው ዘወትር የሚሠራበት መሆኑን ይገነዘባል። በእጅ የሚያዘው 2 ሁለት ዐሥር መሆኑና የሚጨመረውም 4 ጊዜ 3 በሚያስገኘው 12 ዐሥር ላይ መሆኑ ያን ጊዜ ግልጽ ይሆናል። ከዚያም ብዛቱ ወደ 478 ከፍ ሲል የጽሑፉ ዘዴ ለምን እንዳስፈለገ ተማሪው ራሱ ያየዋል።

ለዕቅድ አውጪው ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው፣ በባዶ ቁጥር ብቻ የተዘጋጀ ፈተና ተማሪው የሚያውቀውን በሙሉ ስለማይለካ ክፍል የማስደገም ውሳኔ በእርሱ ብቻ እንዳይመሠረት መጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው፣ መጽሐፉ ልጆች ከገበያ ይማራሉና ትምህርት ቤት ቢቀርባቸው ግድ የለም ለሚል ክርክር መሣሪያ እንዳይሆን መከላከል ነው። ገበያው ልጁን የሚያስተምረው ለዕለቱ ሽያጭ የሚበቃውን ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የማስተማር ግዴታ የለበትም። ይህ ግዴታ ያለበት ትምህርት ቤት ነው፤ ልጁ ይዞት የመጣውን ዕውቀት በር ላይ አስጥሎ የሚያስገባ ከሆነ ግን ግዴታውን ሊወጣ አይችልም።