ሞተሩ ምን አጠፋ?

አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌትን ስታግድ አንዱ ምክንያቷ ዘረፋ ነበር። ሌባ በሞተር መጥቶ ቦርሳ መንትፎ ይፈተለካል፤ አልክድም። ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ሌባ በእግሩ ሲሮጥስ እግር ይከለከላል?

ነገሩን የማነሳው ወረዳ የዋና ከተማን ደንብ መገልበጥ ስለሚወድ ነው። እስቲ ያንን እገዳ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንውሰደው። ነፋስ መውጫን የወረታ–ወልድያ መንገድ ያቋርጣታል፤ ከመንገዱ የራቀው ቀበሌ ግን ገደላገደል ነው። እዚያ ምጥ የያዛት እናት ከቃሬዛ ሌላ ያላት ተስፋ፣ ከተገኘ፣ የጎረቤት ሞተር ነው። እሱንም እንንጠቃት?

ደንብ አይኑር አላልኩም። ታርጋ ይለጠፍ፣ መንጃ ፈቃድ ይጠየቅ፣ ሄልሜት ይደረግ፤ የሰረቀም ይታሰር። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪክ አዙረናል። ነገ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሞተር ተራራውን ሲወጣ እናይ ይሆናል። ደንብ አውጪዎች ሆይ፣ ገና ሳይመጣ አታግዱብን። ሌባውን ያዙ፤ ሞተሩን ልቀቁት።