ለአዋዜ የሚገባ ምስጋና

ቁርጥ ሲነሣ ስለ ሻኛው፣ ስለ ታላቁና ስለ ካራው ስለት ብዙ ይወራል፤ አዋዜውን የሚያመሰግን ግን ጥቂት ነው። ሥጋው ጥሬ ስለሆነ ማባያው መደበቂያ የለውም። ያልተስማማ በርበሬ ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ይጋለጣል።

ደግነቱ ቤት ውስጥ ማዘጋጀቱ አይከብድም። ጥሩ በርበሬ፣ ከጨው ጋር የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ትንሽ ኮረሪማ፣ ከዚያም ጠጅ ወይም አረቄ። መጠጡ ለሞቅታ የገባ አይደለም፤ የበርበሬው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር በውኃ እምብዛም አይሟሟም፣ በአልኮልና በስብ ግን ይሟሟል። እኔ ጠጁን እመርጣለሁ፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም ያደርገዋል። በዘይት ብቻ የተለወሰው፣ ባለሙያዎቹ ይቅር ይበሉኝ፣ አይጥመኝም። ሲያድር ደግሞ የነጭ ሽንኩርቱ ጥሬ ሽታ ይለዝባል። ውፍረቱ ሥጋው ላይ የሚያዝ እንጂ ሳህኑ ላይ የሚፈስ አይሁን።

ሰናፍጭም ድርሻ አለው። የተፈጨው ፍሬ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ነው አፍንጫ የሚሰነፍጠው፤ የፈላ ውኃ ኃይሉን ይገድለዋል።

አዋዜ ባይኖርስ? ሚጥሚጣ አለ ይባል ይሆናል። ሚጥሚጣ ማቃጠሉን ያቃጥላል፤ የጮማውን ቅባት የሚያስታግሰው ኮምጣጣነት ግን ከእሱ አይገኝም። የየቤቱ እጅም አብሮ ይቀር ነበር፤ አንዷ በሶብላ ታበዛለች፣ ሌላዋ ጤና አዳም ጣል ታደርጋለች፣ በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠው ግን ሁሌም ያው ነው።

የተረፈው ለነገ ጥብስ ይሆናል፤ ከእሳት ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ይበቃዋል።