አስማቱ በደም ነው ወይ?

ወንድምና እህት በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ይገናኛሉ። እሷ ለንደን ከአያቶቿ ጋር ታድጋለች፤ እሱ ሻንጣውን እየጎተተ አባቱን ተከትሎ ከአገር አገር ይዞራል። የምታውቁት ቤተሰብ መሰላችሁ አይደል? ነገሩ ከመጽሐፍ ነው። አሜሪካዊው ሪክ ሪዮርዳን እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው «ቀዩ ፒራሚድ» የተባለ የልጆች ልቦለድ ነው።

ካርተር 14፣ ሴዲ 12 ዓመታቸው ነው። እንግሊዛዊት እናታቸው ሞታለች። አባታቸው የጥንቷን ግብፅ የሚያጠና ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ነው። በገና ዋዜማ ልጆቹን ብሪቲሽ ሙዚየም ይወስዳቸውና የሮዜታን ድንጋይ ያፈነዳዋል። የታሰሩት አማልክት ይፈታሉ፣ እሱ ይያዛል። ልጆቹ የፈርዖን ዘር መሆናቸውንና አስማት እንዳላቸው የሚሰሙት ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መጽሐፉ ይጥማል። ልጆቹ ታሪኩን ድምፅ መቅጃ ላይ እየተቀባበሉ ሲያወሩት፣ አንዱ ሌላውን ሲተርብ ያስቃል። አስማቱም ቃል ነው። ሴዲ ተምራው የማታውቀውን የጥንት ጽሕፈት ታነባለች፤ ቃሉን ስትጠራው የተቆለፈ በር ይፈርሳል።

እኔ ከደራሲው ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። ለመሆኑ ጽሕፈት በደም ይወረሳል እንዴ? በደም ቢወረስ ኖሮ ግብፃውያን የራሳቸውን ባልረሱት ነበር። የሚያስተምር ሲጠፋ ለ1,400 ዓመት ገደማ አንባቢ አጣ። ፈረንሳዊው ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1822 ምስጢሩን የፈታው የዚያኑ የሮዜታ ድንጋይ ጽሑፍ ቅጂ ይዞ፣ ቅብጥኛ ተምሮ፣ ዓመታት ለፍቶ ነው።

ይህን መጽሐፍ ያየሁት ቨርጂኒያ፣ ዘመዴ ቤት፣ በትንሿ ልጁ እጅ ነው። ታላቅ ወንድሟ በዘጠኝ ዓመቱ አማርኛውን ይዞ የሄደ ነው፤ እሷ እዚያው ተወለደች። አያትየው ከደሴ ሲደውሉ አስተርጓሚው እሱ ነበር። አሁን ኮሌጅ ገብቶ ከቤት ወጥቷል። አያት ሲደውሉ ልጅቷ «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለአባቷ ታቀብላለች። እሳቸውም «ምን አለች?» እያሉ ይቀራሉ።

«ለምን አላስተማርካትም?» አልኩት።

«እንግሊዝኛዋ እንዳይበላሽ ብለን ነው እኮ» አለኝ።

የካርተርና የሴዲ አባትም ምስጢሩን የደበቀው ለልጆቹ አስቦ ነው። ሁለቱም አባቶች ክፉ አይደሉም። ልዩነቱ፣ ለሴዲ ደራሲ አለላት፤ በጭንቋ ሰዓት ንባቡን ከሰማይ ያወርድላታል። የዘመዴን ልጅ ማን ይደርስላታል? ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል። ለእሷ ጌጥ ነው። ከ«ሀ» ጀምሮ በጣቱ እያሳየ የሚያስቆጥራት ሰው ነው የጠፋው። አያትየውም ሰማንያ አልፏቸዋል።