መንገሥ እና መግዛት፦ የሥልጣን ክርክር በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ሲመዘን

“መንግሥት” የሚለው ቃላችን ከ“ነገሠ” የወጣ ነው፤ “አገዛዝ” ደግሞ ከ“ገዛ”። ነገሠ ዙፋን ይፈልጋል። ገዛ ግን ለሕዝብም ለሸቀጥም ይሆናል፤ ንጉሡም ይገዛል፣ ሸማቹም ይገዛል። ይህ የቋንቋችን ገጠመኝ በሕግና ኅብረተሰብ ጥናት ውስጥ የቆየ አንድ ክርክር መመዘኛ ይሆነናል።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሌዥ ደ ፍራንስ ባቀረባቸው ትምህርቶች ሥልጣንን ከዙፋን አውርዶ ፈለገው። ሕዝብን መቁጠር፣ የሰውና የእህል ዝውውርን ማቃናት፣ ሰው የራሱን አኗኗር እንዲገራ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ የመግዛት ጥበብ ናቸው። አለን ሀንትና ጋሪ ዊክሃም በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፉኮ ሕግን ከዘመናዊው ሥልጣን አባሯል ሲሉ ተቹት። ኒኮላስ ሮዝና ማሪያና ቫልቨርዴ በ1998 ጥያቄውን ራሱን ቀየሩት፤ መጠናት ያለበት ሕግ ከሌሎች የመግዣ ስልቶች ጋር እንዴት እንደሚዳቀል ነው አሉ። ቤን ጎልደርና ፒተር ፊትዝፓትሪክ ደግሞ በ2009 ሕግ ከፉኮ ሐሳብ ፈጽሞ አልተባረረም ብለው ተከራከሩ።

ክርክሩ ሕግ የት እንዳለ አጥብቆ ይጠይቃል፤ በስንት ሰዓት እንዳለ ግን ብዙም አይጠይቅም። ጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ለቆመ ሰው ይህ ጉድለት ቶሎ ይታየዋል። ከአወዳይና ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ጫት ከተማዋ የሚደርሰው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ የሻጮቹ ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እስሩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ይቀመጣሉ። እርጥበቱ ለጌጥ አይደለም፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ምርቃና የሚሰጠው ካቲኖን አብሮ ይከስማል። የዛሬ ጫት ነገ ዋጋ የለውም።

አንትሮፖሎጂስቷ ሳሊ ፎክ ሙር በ1973 ባወጣችው ጽሑፍ የኪሊማንጃሮን ቻጋዎችና የኒው ዮርክን የሴቶች ልብስ ስፌት ሥራ አነጻጽራ፣ የራሳቸውን ደንብ የሚያወጡና የሚያስከብሩ፣ ከመንግሥት ሕግ ግን ያላመለጡ ማኅበራዊ ዘርፎች እንዳሉ አሳይታለች። በልብስ ስፌቱ ሥራ ፋሽን ወቅቱ ሳያልፍበት መድረስ ስላለበት ውለታና ስጦታ ከውል ይቀድሙ ነበር። ጫት ደግሞ ወቅቱ የሰዓታት ዕድሜ ያለው ፋሽን ነው። ዱቤ የሰጠች ሻጭ ፍርድ ቤት ልሂድ ብትል፣ መዝገቡ ሳይከፈት ቅጠሉ ይደርቃል። የሚያስከፍልላት የደንበኛዋ ይሉኝታና ነገ ጫት አጣለሁ የሚለው ፍርሃቱ ነው።

ሕግ ከመንግሥት ብቻ አይመነጭም የሚሉት የሕግ ብዝኃነት አቀንቃኞች እዚህ ላይ ድል የቀናቸው ይመስላቸዋል። በአካባቢው ለዚህ የሚጠቀስ ኩሩ ምስክርም አለ፤ ሄር ኢሴ የተባለው የኢሳ ሶማሌዎች የቃል ሕግ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ጥያቄ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን መንግሥት ያላወጣው ደንብ ሁሉ ለደካማው የሚያደላ አይደለም። ይሉኝታ ዱቤ ያስመልስ እንደሆነ እንጂ የጠወለገ ጫት አያድስም።

እንግዲህ ሕግ የት አለ? በመጀመሪያው ሰዓት። ጫት የሚያስገባው ፈቃድ ያለው ነው፤ ግብሩም ቅጠሉ ትኩስ ሳለ፣ ሲገባ ይሰበሰባል። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሰዓታት የዱቤ፣ የደንበኝነትና የሐሜት ናቸው። ስለዚህ ሮዝና ቫልቨርዴ ስለ መዳቀል የተናገሩት ትክክል ቢሆንም፣ የተዳቀሉት ስልቶች በተራ እንደሚገቡና ተራው ራሱ ኪሳራን እንደሚያከፋፍል ሊታከልበት ይገባል። የነገሠው ድርሻውን ከትኩሱ ይወስዳል፤ አመሻሽ ላይ ያልተሸጠው እስር ግን በእርጥብ ጨርቁ ሥር ከሻጯ ጋር ይቀራል።